235 ደቂቃ ዴስክ ላይ

የዛሬው የትምህርትና ጤና ዓምዳችን ስለ መቀመጥ ነው። «ስለ መቀመጥ ደግሞ ምን የሚጻፍ አለ?» ብላችሁ እንዳትስቁ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት «ትምህርት ቤት መጥተን ከሁሉ በላይ የምንሠራው ምንድን ነው?» ብለን ተከራከርን። አንዱ መጻፍ ነው አለ። አንዷ ማዳመጥ ነው አለች። ሌላው (ስሙን አልጠራም) መራብ ነው አለ። በማግስቱ ማክሰኞ ነበር፤ እኔ የጓደኛዬን የእጅ ሰዓት ተውሼ ከደብተሬ መጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑን ሙሉ ስመዘግብ ዋልኩ።

እንደምታውቁት እኛ የጧት ፈረቃ ነን። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ 2:00 ሰዓት ላይ ቸርኬው ይደወላል። ስድስት ክፍለ ጊዜ አለን፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ። 6 × 40 = 240 ደቂቃ፣ ወይም አራት ሰዓት። ከሦስተኛው በኋላ ያለችውን የ15 ደቂቃ ዕረፍት አልቆጠርኳትም። ከ240ው ደቂቃ ውስጥ እኔ ከዴስክ የተነሳሁት መቼ መቼ ነው? መምህር ሲገባ ለሰላምታ እንነሳለን፤ ስድስቱ ሰላምታ ቢደመር ወደ 2 ደቂቃ ይሆናል። ሒሳብ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ወጥቼ አንድ ጥያቄ ሠርቻለሁ፤ 3 ደቂቃ። በቃ። የቀረው 235 ደቂቃ ቁጭ ብዬ ነው።

«ስፖርት አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ በእኛ ክፍል በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ አለ። በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ነው፤ ሁለቱ ሲቀነስ 28። 28 × 40 = 1120 ደቂቃ፣ ማለትም 18 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። በስፖርቱም ቢሆን እውነቱን እንነጋገር። ኳሷ አንድ ናት፣ እኛ ብዙ ነን። ወንዶቹ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ ጥላ ፈልገን ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን። መምህሩ «እናንተም ተጫወቱ» ይሉናል፤ ግን ኳሷ ወደ እኛ አትመጣም።

ይህን ሁሉ ከቆጠርኩ በኋላ ደብተሬን ዘግቼ ልተወው ነበር። ያልተውኩት በታናሽ ወንድሜ ምክንያት ነው።

ወንድሜ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ። የሚማረው እዚህ አይደለም፣ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። መስከረም ላይ ከሁላችን ቀድሞ እየተነሳ ቦርሳውን ተሸክሞ በር ላይ ይቆም ነበር። ኅዳር ላይ በየጧቱ ሆዱን ያመው ጀመር። እናቴ ፌጦ አጠጣችው። ቅዳሜና እሑድ ግን አያመውም! አያቴ ናት የነቃችው። ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ሆድህን ነው ወይስ ሌላ ነገር?» ስትለው «ታኢ፣ ታኢ፣ ታኢ ይሉኛል» ብሎ አለቀሰ። አፋን ኦሮሞ ለማትሰሙ «ታኢ» ማለት «ቁጭ በል» ነው። እናቴ ሄዳ ስትጠይቅ መምህሯ «ልጅሽ ጎበዝ ነው፣ ፊደሉንም ይዟል፣ ግን አይቀመጥም» አለቻት። መምህሯ ክፉ ሆና አይደለም። በዚያ ክፍል ዴስክ ስለማይበቃ ትንንሾቹ ግድግዳ ዳር የተደረደረ ድንጋይ ላይ ነው የሚቀመጡት። መደገፊያ የለውም፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጽፋሉ። አንዱ ከተነሳ ሁሉም ይነሳል፣ ያኔ አንድ መምህር ያን ሁሉ ልጅ በምን ትይዘዋለች?

አያቴ ግን አልተዋጠላትም። «ጥጃም ገመዱ ሲረዝምለት ነው የሚግጠው» አለች።

እስቲ ወደ ሳይንሱ እንሂድ። ይህን መጽሔት ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ቆማችሁ የምታነቡ ከሆነ ጥሩ፣ ተቀምጣችሁ ከሆነም ተነሱ። አንድ እጃችሁን ጎንበስ ብላችሁ ባታችሁ ላይ አድርጉ። አሁን ተረከዛችሁን አንስታችሁ በእግር ጣታችሁ ቁሙ፤ ዝቅ በሉ፤ ደግማችሁ ቁሙ። ባታችሁ ሲጠነክርና ሲላላ ተሰማችሁ? ይህ ጡንቻ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው እኛን ማራመድ ነው። ሁለተኛውን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም፤ ደምን ወደ ላይ መግፋት ነው። ልብ ደምን በደም ቅዳ በኩል ወደ እግር ትልካለች። ለመመለስ ግን ደሙ ወደ ላይ መውጣት አለበት፣ ልክ ከቦርከና ወንዝ በጄሪካን ውኃ ቀድቶ ዳገት እንደ መውጣት ማለት ነው። በእግራችን ደም መልስ ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ ክዳኖች አሉ። ባት ሲጨመቅ ደሙ ወደ ላይ ይገፋል፣ ክዳኖቹ ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዙታል። ለዚህም ነው ባትን «ሁለተኛው ልብ» የሚሉት። ረጅም ሰዓት ቁጭ ስንል ይህ ሁለተኛው ልብ ያርፋል፤ ስንነሳ እግራችንን የሚከብደንና አንዳንዴ የሚደነዝዘን ያለ ምክንያት አይደለም።

ጡንቻ ሌላም ሥራ አለው። ከምግብ ያገኘነው ስኳር ከደም ውስጥ ተወስዶ የሚቃጠለው በብዛት በጡንቻ ነው፣ በተለይ በትልልቆቹ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች። አጥንትም እንደዚሁ ነው። አጥንት ሲዘሉበት፣ ሲሮጡበት፣ ሸክም ሲያርፍበት ይጠነክራል። አጥንት በደንብ የሚገነባው ደግሞ በልጅነትና በጉርምስና ነው፤ ማለትም አሁን፣ እኛ ዴስክ ላይ በተቀመጥንበት ዕድሜ።

ስለ መቀመጥ ከተደረጉት ጥናቶች በጣም የወደድኩት የአውቶቡሱን ነው። ከተማችንን ሰንጥቆ በሚያልፈው የአዲስ አበባ–ደሴ አስፋልት ላይ አውቶቡስ ሲቆም ሹፌሩንና ረዳቱን አይታችኋል። ሹፌሩ መሪውን ይዞ ቁጭ ነው። ረዳቱ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ሻንጣ ይጭናል፣ ሒሳብ ይሰበስባል። ጄሪ ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ለንደን ከተማ ውስጥ እነዚህን ሁለት ሠራተኞች አወዳደረ። የለንደን አውቶቡስ ባለ ሁለት ፎቅ ስለሆነ ቲኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውል ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ታተመ፤ በልብ በሽታ ይበልጥ የሚያዙት የተቀመጡት ሹፌሮች ነበሩ።

ሞሪስ በዚህ ብቻ አላቆመም፤ እኔ ያደነቅኩትም እዚህ ላይ ነው። «ምናልባት ድሮውንም ወፍራም የነበሩት ሰዎች ይሆናሉ ሹፌርነትን የመረጡት» ብሎ ራሱን ጠየቀ። ከዚያ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ የሱሪ ወገብ ልክ መረመረ! እውነትም የሹፌሮቹ ወገብ ሰፋ ያለ ነበር። ስለዚህ ልዩነቱ በሙሉ የመቀመጥ ነው ብሎ መቸኮል አልተቻለም። በኋላ ግን በሌሎች ሥራዎችና በሌሎች አገሮችም ብዙ ጥናት ተደርጎ የሰውነት እንቅስቃሴ ልብን እንደሚጠብቅ ታውቋል። እንግዲህ ይህ የትልልቅ ሰዎች ነገር ነው፣ እነሱም ለብዙ ዓመት የተቀመጡ ናቸው። እኛ ነገ ልባችን ይታመማል ማለቴ አይደለም። ልማዱ ግን የሚጀምረው በእኛ ዕድሜ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ቁጭ ብለው የሚያሳልፉትንም ጊዜ እንዲቀንሱ ይመክራል። በፊንላንድ ትምህርት ቤቶች የተለመደው 45 ደቂቃ ተምሮ 15 ደቂቃ ወደ ውጭ መውጣት ነው፤ ያውም በብርድና በበረዶ። በስኮትላንድ ስተርሊንግ በምትባል ከተማ አንዲት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት እ.ኤ.አ. በ2012 ተማሪዎቿን በየቀኑ 15 ደቂቃ ከክፍል አስወጥታ ማስሮጥ ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ተከትለዋታል። ምንም መሣሪያ አልተገዛም፣ የደንብ ልብስም አልተቀየረም። እኔ ይህን ሳነብ «ይኼማ ለእኛም ይቻላል» አልኩ።

ለሒሳብ መምህራችን ማክሰኞ የቆጠርኩትን ደብተር አሳየኋቸው። መጀመሪያ «ሒሳቡ ትክክል ነው» አሉና ሳቁ። ከዚያ ቆም ብለው «እኔኮ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው፣ እናንተ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣችሁ ነው የምትውሉት። ብንካፈለው ምን ነበረበት?» አሉ። በእሳቸው ፈቃድ በክፍላችን የአንድ ሳምንት ሙከራ አደረግን። አንድ መምህር ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለው ጊዜ ሁላችንም ለ2 ደቂቃ እንነሳለን። ዕረፍቱን ሳንቆጥር በቀን አራት ጊዜ፣ ማለትም 8 ደቂቃ ይሆናል። በሳምንት 40 ደቂቃ፣ የአንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ነው። ከማንም መምህር ሰዓት አልወሰድንም፤ ያኔ ድሮም የምንሠራው ማውራት ነበር።

ሰኞ ገበያ ሆነ። አንዱ ዴስክ ላይ ወጣ፣ ሁለቱ ተያያዙ፣ አቧራው ተነሳ፣ አንድ ዴስክ እግሩ ተሰበረ (ድሮም የተሰነጠቀ ነበር፣ ግን ለእኛ ተቆጠረ)። ከጎናችን ያለው ክፍል መምህርት መጥተው «ምን ጉድ ነው!» አሉ። አፈርኩ። ማክሰኞ ደንብ አወጣን፦ ማንም ከዴስኩ አጠገብ አይርቅም፣ ድምፅ የለም፣ አለቃው በእጁ ብቻ ምልክት ይሰጣል። በእግር ጣት መቆም አሥር ጊዜ፣ እጅ ወደ ላይ፣ ወገብ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ቁጭ ብድግ አምስት ጊዜ። ያለ ድምፅ መሆኑ ጨዋታ ሆነልን፤ የሳቀ ይሸነፋል።

በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ማለትም ስቆጥር በዋልኩበት ቀን፣ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ ግንባራቸውን የደፉ 11 ተማሪዎች ቆጥሬ ነበር። የከሚሴን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ የክፍላችን ቆርቆሮ ምጣድ ነው የሚሆነው። በሙከራው ማክሰኞ በዚያው ሰዓት የደፉት 6 ናቸው። ደስ ብሎኝ ለሳይንስ መምህራችን ስነግራቸው «ያን ቀን ደመና ነበር ወይስ ፀሐይ?» አሉኝ። ደመና ነበር። ፍትሐዊ ሙከራ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ሌላውን እንዳለ ሲተዉት ነው፤ እኔ መነሳቱን ስቀይር ሰማዩም ተቀይሮብኛል። የሞሪስን የሱሪ ወገብ ያስታወስኩት ያኔ ነው። ስለዚህ «በእኛ ሙከራ ተረጋግጧል» ብዬ አልጽፍም። በሌላ አገር በብዙ ትምህርት ቤቶች የተደረጉ ጥናቶች ግን አጭር እንቅስቃሴ ካደረጉ በኋላ ልጆች ሥራቸው ላይ የበለጠ እንደሚያተኩሩ፣ ለእንቅስቃሴ የተሰጠው ጊዜም ውጤታቸውን እንደማይጎዳ አሳይተዋል።

አሁን ደግሞ ያላሰብኩትን ልንገራችሁ። ረቡዕ ዕለት ሁላችንም ስንነሳ አንዲት የክፍላችን ልጅ አልተነሳችም። አለቃው ስሟን ሊጽፍ ሲል «ጻፈኝ» አለችው። በኋላ ብቻዋን ሳናግራት እንዲህ አለችኝ፦ «እናንተ ከተማ ውስጥ ናችሁ። እኔ ሌሊት ተነስቼ ውኃ ቀድቼ፣ ቤት ጠርጌ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሬ መጥቼ ነው። ለእኔ ይህ ዴስክ ማረፊያዬ ነው። ደግሞ ስመለስ ዳገት አለ።» ምን ልመልስላት? ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ በአርሲ፣ አሰላ አካባቢ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር፣ ሲሮጥም ግራ ክንዱን የሚያጥፈው ደብተር ይዞ ከመሮጥ የቀረ ልማድ መሆኑን ላወራላት አስቤ ነበር። ተውኩት። ሁሉም የሚራመድ ልጅ ኃይሌ አይሆንም፤ የደከመው ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዕረፍትና ቁርስ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቡን ቀየርነው። መነሳት ይቻላል እንጂ ግዴታ አይደለም። ሐሙስ ዕለት ግን ራሷ ተነሳች፣ እየሳቀች፤ ስለዚህ ተሸነፈች።

ሌላው ያስተዋልኩት በእኛ ዘንድ መቆም ቅጣት መሆኑን ነው። የረበሸ «ተነስ! እዚያ ጥግ ቁም!» ይባላል። ያልረበሸ እንዲቀመጥ ይፈቀድለታል። ከኋላ ዴስክ የሚቀመጥ አንድ የታወቀ ረባሽ አለን (እሱም ያውቃል)። «ጥግ ስትቆም ምን ይሰማሃል?» ብዬ ብጠይቀው «እውነቱን ልንገርሽ? ትምህርቱ የሚገባኝ ያኔ ነው። ሰሌዳው ይታየኛል፣ እንቅልፍም አይመጣብኝም» አለኝ። ይህን ለመምህራን የምጽፈው እሱን ለማስቀጣት አይደለም! መቆም ቅጣት ከሆነ ማንም በፈቃዱ አይቆምም ለማለት ነው። ከኋላ ግድግዳ ጋ ተደግፎ ቆሞ ለመጻፍ የሚፈልግ ልጅ ማንንም እስካልከለለ ድረስ ቢፈቀድለት ምን ይጎዳል?

ትምህርቱ ራሱ በእግር ሊሆንም ይችላል። «ሰኞ ማክሰኞ» የማይጫወት የለም። በኖራ ሳጥን ሥሩና በየሳጥኑ የ7ን ብዜት ጻፉበት፤ እየዘለሉ 7፣ 14፣ 21 ማለት ነው። ወንድሜ ግቢያችን ውስጥ በሦስት ቋንቋ እየዘለለ ቆጠረ፦ አንድ ሁለት ሦስት፣ ቶኮ ለማ ሰዲ፣ ዋን ቱ ስሪ። ፊደልም በዚያው ሞከርን፤ «ሀ ላይ ዝለል፣ መ ላይ ዝለል» ስለው ሳይሳሳት ሄደ። ዙሪያና ስፋትን ለመማር ሜዳውን በእርምጃ መለካት ይቻላል። በሳይንስ የልብ ምትን ተቀምጠን ለአንድ ደቂቃ እንቆጥራለን፣ 30 ጊዜ ዘለን ደግሞ እንቆጥራለን፤ እኔ ከ84 ወደ 126 ወጥቶልኛል። ይህን ከመጽሐፉ ብቻ ብናነበው ኖሮ ለፈተና ይዘነው ከዚያ እንረሳው ነበር። ለሴቶች ደግሞ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ኳሷ ባትደርሰን ሱዚ አለ፣ ፔፕሲ አለ፤ ሱዚ ለመሥራት የሚያስፈልገው የተቆራረጠ ላስቲክ ብቻ ነው። መምህሩን ጠይቀናቸው «አምጡና ሥሩ» ብለውናል።

ሁሉም ትምህርት በዝላይ ይሁን አላልኩም። ድርሰት ቁጭ ብሎ ነው የሚጻፈው። ከባድ የሒሳብ ጥያቄም ዝምታና ዴስክ ይፈልጋል። እኔ ራሴ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለሁለት ቀን ተቀምጬ ነው፣ እግሬም ደንዝዟል።

ወንድሜስ? እናቴ ይህን ሰኞ ማክሰኞ ለመምህሯ ነገረቻት። መምህሯም ከክፍሉ በር ፊት ለፊት መሬት ላይ ሳጥኖቹን ሠርታ ልጆቹን አሥር አሥር እያደረገች ታስወጣቸዋለች፤ አሥሩ ሲዘሉ የቀሩት ይጽፋሉ። ሆዱ አሁንም አልፎ አልፎ ያመዋል፣ በተለይ ሰኞ። ባለፈው ሳምንት ግን ኖራ ከየት እንደሚገኝ ጠየቀኝ። «ለምን?» ስለው የመምህሯ ኖራ ስላለቀ ነው።

የክበባችን ጥያቄ፦ በመጪው ማክሰኞ እናንተም ቁጠሩ። ከ240 ደቂቃ ስንቱን ተቀመጣችሁ? ስንት ጊዜ ተነሳችሁ፣ ለምን? ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ስንት ደቂቃ ተራመዳችሁ? ይህንንም አትርሱ፤ እኔ መጀመሪያ ረስቼው ነበር። ቀኑ ፀሐይ ነበር ወይስ ደመና? ክፍላችሁን ጽፋችሁ፣ ስማችሁን ባትፈልጉ ሳትጽፉ፣ ከርእሰ መምህር ቢሮ አጠገብ ባለው የሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። መምህራንም መቁጠር ይችላሉ፤ የእነሱ ጥያቄ ግን «ስንት ደቂቃ ቆማችሁ?» የሚል ይሆናል።

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል